ገንዘቡ በማን አካውንት ይግባ? በጡረታ ዘመን ለበጎ አድራጎት የካንትሪ ትርኢት ማዘጋጀት

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 67 ነው። ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ወጥቼ የምኖረው ናሽቪል፣ አንታዮክ ሰፈር ነው። ካንትሪ ሙዚቃ የምወደው ከአገር ቤት ጀምሮ ነው። እዚህ ደግሞ ጊታር፣ ስቲል ጊታርና ፊድል የሚባለውን ቫዮሊን የሚጫወቱ ጎረቤቶች አሉኝ፤ አብዛኞቹ እንደኔው ጡረተኞች ናቸው። በወር አንድ ጊዜ አዳራሽ ተከራይቼ እነሱን ላጫውትና ገቢውን ለችግረኞች ምግብ ለሚያድል የምግብ ባንክ ልሰጥ አስቤአለሁ። ባለቤቴ ‹በስተርጅና ዕዳ ውስጥ ልትገባ ነው› ትለኛለች። ልጄ በበኩሏ ‹ቶምቦላ እንሽጥ፣ በፌስቡክም በቀጥታ እናስተላልፈው› ትላለች። ለሙዚቀኞቹስ ትንሽ ትንሽ ልክፈላቸው? ሐበሻ ሆኜ የካንትሪ ትርኢት አዘጋጃለሁ ብል የሚመጣልኝ ሰው ይኖራል? ከየት ልጀምር?»

ጡረተኛው፣ ከናሽቪል

መልስ

ጋሼ፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ የሚሠራም ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከባንዱ ነው። ባንዱ ቃል ይገባል፣ አዳራሹ ይያዛል፣ ፖስተሩ ይለጠፋል፤ የምግብ ባንኩ ነገሩን የሚሰማው ገንዘቡ ሲደርሰው ነው። እርስዎ ከዚያኛው ጫፍ ይጀምሩ። ቀን ከመቁረጥዎና ለአንድም ሙዚቀኛ ቃል ከመግባትዎ በፊት ገንዘቡ በማን አካውንት እንደሚገባ ይወስኑ። የባለቤትዎ ስጋትም ሆነ የልጅዎ ሐሳብ፣ የሙዚቀኞቹም ክፍያ ጭምር፣ መልስ የሚያገኙት ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

በግል አካውንትዎ፣ በዜልም ይሁን በካሽ አፕ፣ የትኬት ገንዘብ አይቀበሉ። በስምዎ የገባ ገንዘብ የእርስዎ ገቢ ይመስላል፤ አለመሆኑን ለግብር ሰዎች ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሐሜቱ ነው፤ አንድ ጊዜ «ገንዘቡ የት ገባ?» ከተባለ ሁለተኛ ትርኢት የለም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የራስን ድርጅት ማቋቋም ነው። 501(ሲ)(3) የሚባለውን፣ ድርጅቱን ከግብር ነፃ የሚያደርገውን የፌዴራል ዕውቅና ለማግኘት፣ ዓመታዊ ገቢው ከ50,000 ዶላር፣ ሀብቱም ከ250,000 ዶላር የማይበልጥ አነስተኛ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ፎርም 1023 ኢዚን በ275 ዶላር ማስገባት ይችላል፤ ረጅሙ ፎርም 1023 600 ዶላር ያስከፍላል። ከዚያ ወዲያ ቦርድ፣ ቃለ ጉባኤና ዓመታዊ ሪፖርት ይከተላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ይህን አንመክርዎትም። ሁለተኛው መንገድ ዕውቅና ያለው ድርጅት፣ ማለትም የምግብ ባንኩ ራሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሰፈር ማኅበር፣ የዝግጅቱ ባለቤት እንዲሆን ማድረግ ነው። የአዳራሹ ውል በድርጅቱ ስም ይፈረማል፤ የትኬቱ ገንዘብ በድርጅቱ አካውንት ይገባል፤ እርስዎ የድርጅቱ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ይሠራሉ። ለባለቤትዎ ስጋትም ትልቁ መልስ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ፣ በኃላፊነቱ ክልል ውስጥ ለሚሠራ የድርጅት በጎ ፈቃደኛ ለተራ ስህተት ከግል ተጠያቂነት ከለላ ይሰጣል። ብቻውን ውል ፈርሞ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ይህ ከለላ የለም፤ ሰው ወድቆ ቢሰበር የሚከሰሰው እሱ ነው።

በአካባቢዎ ሴከንድ ሃርቨስት የሚባለው የመካከለኛው ቴነሲ የምግብ ባንክ አለ። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በስማቸው ገንዘብ ለሚሰበስብ ሰው የሚያስሞሉት ቅጽ አላቸው፤ ስማቸውንና አርማቸውን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ፖስተር ላይ አያድርጉ። ትልቁ ድርጅት ግን ለወርሃዊ ትንሽ ትርኢት ሰው መድቦ አብሮዎት ላይሮጥ ይችላል። እኛ ብንሆን የምንመርጠው በአንታዮክ ወይም በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ አነስተኛ የምግብ ማደያ ነው። ታዳሚው ቦታውን ያውቀዋል፣ ኃላፊዋም መድረክ ላይ ወጥታ «ባለፈው ወር በሰጣችሁን ይህን ያህል ወተትና እንቁላል ገዛን» ማለት ትችላለች። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ፖስተር በላይ ሰው ያመጣል።

በሩ ላይ ያለው ገንዘብ አያያዝ እንደ እድር ይሁን፤ ሊቀ መንበሩ ገንዘብ አይነካም፣ ገንዘብ ያዡም ብቻውን አይቆጥርም። ተከታታይ ቁጥር ያለው የትኬት ጥቅል ይግዙ። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያውን ትኬት ቁጥር፣ ሲዘጋ ሳይሸጥ የቀረውን የመጀመሪያ ትኬት ቁጥር ይጻፉ፤ ልዩነቱ በዋጋው ሲባዛ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ገንዘብ ጋር መግጠም አለበት። ለመልስ ብለው ያስገቡትን ዝርዝር ቀድመው ይመዝግቡና ከድምሩ ይቀንሱ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ቆጥረው ይፈርሙ፣ ፖስታው ይታሸግ፣ በማግስቱ የሥራ ቀን ባንክ ይግባ። ዋጋውን ደግሞ 12 ዶላር አያድርጉት፤ 20 ዶላር ለሚሰጥ ሁሉ 8 ዶላር መመለስ ሰልፉን ያንቀራፍፈዋል፣ ዝርዝሩም ቶሎ ያልቃል። 10 ወይም 15 ይሁን። ትኬቱ ላይ «ከግብር ተቀናሽ ነው» ብለው አይጻፉ። ሰውየው ትርኢቱን በገንዘቡ ልክ ካየ ስጦታ አልሰጠም፤ ተቀናሽ ሊሆን የሚችለው ከትርኢቱ ዋጋ በላይ የከፈለው ብቻ ነው። ከ75 ዶላር በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ክፍያ ከተቀበለ፣ ድርጅቱ የዚህን ልዩነት ግምት ለከፋዩ በጽሑፍ የማስታወቅ ግዴታ አለበት።

አሁን ወደ ሙዚቀኞቹ። «ትንሽ ትንሽ ልክፈላቸው» ያሉት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቶችዎ የሚጫወቱት አብዛኛው ዘፈን የሌላ ሰው ድርሰት ነው፤ በሕዝብ ፊት ሲዘፈን ለደራሲው የሚከፈል ፈቃድ አለ። ፈቃዱን የሚሰጡት አስካፕ፣ ቢ ኤም አይ፣ ሴሳክና ጂ ኤም አር የሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ድርጅቶች ናቸው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 110(4) ለበጎ አድራጎት ዝግጅት አንድ በር ይከፍታል፤ ትርኢቱ የንግድ ዓላማ ከሌለው፣ ለተጫዋቾቹም ለአዘጋጆቹም ምንም ክፍያ ካልተከፈለ፣ ተመጣጣኝ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ሁሉ ለበጎ አድራጎት፣ ለትምህርት ወይም ለሃይማኖት ከዋለ ፈቃድ አያስፈልግም። የዘፈኑ ባለቤት ከዝግጅቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ከተቃወመ ግን ይህ በር ይዘጋል። ስለዚህ ለአንዱ ጊታር ተጫዋች በፖስታ 50 ዶላር ሲሰጡ ነፃነቱን ለሁሉም ያፈርሱታል፤ ለራስዎ «ለድካሜ» ብለው ቢወስዱም እንዲሁ ነው። ክፍያ የሚወስድ ገንዘብ አሰባሳቢ ደግሞ በቴነሲ የራሱ የምዝገባ ሕግ አለው። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሁሉም በነፃ ይጫወታሉ፣ ወይ የአራቱም ድርጅቶች ፈቃድ ያለው አዳራሽ ይይዙና ይከፍላሉ። ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ሲነጋገሩ «የሙዚቃ ፈቃድ አላችሁ? ከየትኞቹ?» ብለው ይጠይቁ።

ጎረቤቶችዎ ጡረተኞች ስለሆኑ በነፃ መጫወቱ አይከብዳቸው ይሆናል። በምላሹ ግን ክብር ይገባቸዋል፤ ስማቸው ፖስተር ላይ፣ ከትርኢቱ በፊት ትኩስ ምግብ፣ ለቤተሰባቸው የተያዘ ወንበር። በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ መጨረስም ከክብሩ አንዱ ነው።

የልጅዎን ሁለት ሐሳቦች ሕጉ አይደግፋቸውም፤ እንዳትቀየምዎ በቅንነት ያስረዷት። በቀጥታ ማስተላለፍ ከላይ ካልነው በር ውጭ ነው፤ አንቀጹ የሚሠራው አዳራሹ ውስጥ ላለው ታዳሚ እንጂ ወደ ሕዝብ ለሚተላለፍ ትርኢት አይደለም። ፌስቡክም የታወቀ ዘፈን ሲያገኝ ድምፁን ሊዘጋው ይችላል። እሷ ፎቶ ታንሳ፣ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የደረሱትን ዘፈን በፈቃዳቸው አንድ ሁለት ደቂቃ ቀርጻ ታውጣ፤ ለማስተዋወቅ ይበቃል። ቶምቦላው የባሰ ነው። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች በየካንትሪ ትርኢቱ «ግማሽ ለአሸናፊ፣ ግማሽ ለበጎ አድራጎት» የሚባል ዕጣ ሲሸጥ አይተው ይሆናል። ቴነሲ ውስጥ ግን የበጎ አድራጎት ዕጣ የሚፈቀደው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ዕውቅና ያለው ድርጅት ቀድሞ አመልክቶ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሲያጸድቅለት። ወር በወር ዕጣ መሸጥ በቀጥታ ሕግ መጣስ ነው። በዕጣው ፈንታ ጨረታ ያድርጉ። ዕቃዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ተጫራቹ ስሙንና ዋጋውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዕረፍቱ 20 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። የቤት ኬክ፣ የመኪና ዘይት ቅየራ ኩፖን፣ ባለቤትዎ የቆሉትና የፈጩት ቡና ከነስኒው፤ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ።

አዳራሽ ሲመርጡ ከመሃል ከተማው ይራቁ። የብሮድዌይ መጠጥ ቤቶች ለቱሪስት ናቸው፤ መኪና ማቆሚያውም ውድ ነው። የሚፈልጉት ከ100 እስከ 150 ሰው የሚይዝ፣ ነፃ ማቆሚያና ደረጃ የሌለው መግቢያ ያለው ቦታ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የአሜሪካን ሌጅን ወይም የጦር ተመላሾች ማኅበር ቤት፣ የማኅበረሰብ ማዕከል። ለ110 ሰው 300 ወንበር ያለው አዳራሽ አይያዙ፤ ባዶ ወንበር የሙዚቀኛውንም የታዳሚውንም ልብ ያቀዘቅዛል። ብዙ አዳራሾች የ1 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ቀን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ስፖንሰር የሆነው ድርጅት የራሱ ኢንሹራንስ ካለው አዳራሹን በስሙ ሊያስጨምርበት ስለሚችል ሌላ ከመግዛትዎ በፊት እሱን ይጠይቁ። መጠጥ ባይኖር ይሻላል፤ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ፕሮግራሙን በአንድ መሠረታዊ ባንድ ላይ ይገንቡት። አምስት ባንድ ጠርተው ቢያፈራርቁ በእያንዳንዱ ቅያሪ 15 ደቂቃ ይባክናል፣ ታዳሚውም ኮቱን ያነሳል። አንድ ባንድ፣ ማለትም አኮስቲክ ጊታር፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ፊድልና ፔዳል ስቲል (ባለ ፔዳሉ ስቲል ጊታር)፣ ሙሉውን ምሽት መድረክ ላይ ይቀመጥ፤ ዘፋኞቹ ሦስት ሦስት ዘፈን ይዘው ይግቡ ይውጡ። እያንዳንዱ ዘፋኝ ከሁለት ሳምንት በፊት የዘፈኑን ስምና የሚዘፍንበትን ቁልፍ (ኪይ፣ የድምፁን ከፍታ) በጽሑፍ ይስጥ። እዚያው ከተማዎ ውስጥ ያደገ አሠራር አለ፤ ኮርዶቹን (አጃቢ ድምፆቹን) በፊደል ሳይሆን በቁልፉ ውስጥ ባላቸው ተራ 1፣ 4፣ 5 እያሉ በቁጥር መጻፍ። በቁጥር የተጻፈ ዘፈን ዘፋኙ በመጨረሻ ሰዓት ቁልፍ ቢቀይር እንኳ እንደገና አይጻፍም፤ ስለዚህ ባንዱ እንዲያዘጋጀው ይጠይቁ። 50 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሌላ 45 ደቂቃ፤ ከዚህ አይለፍ። ከበሮና ድምፅ ማጉያ የማይገባበት ጠባብ ክፍል ብቻ ካገኙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተው የናሽቪሉ ብሉበርድ ካፌ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገውን አቀማመጥ ይሞክሩ፤ ሦስት ወይም አራት የዘፈን ደራሲዎች ክብ ሠርተው ተራ በተራ የራሳቸውን ይዘፍናሉ፣ እያንዳንዱ ዘፈን እንዴት እንደተጻፈም ይናገራሉ። በጣም ርካሹ ትርኢት ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምርጡ።

ድምፁን ለልምድ ያለው ሰው ይስጡ። ለወጪ ቅነሳ ብለው የማይነኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ግጥሙ ካልተሰማ ከካንትሪ ምንም አይቀርም። ለ120 ሰው አዳራሽ በመቆሚያ ላይ የተተከሉ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች፣ ባለ 16 መስመር ሚክሰር፣ አራት የዘፋኝ ማይኮች፣ ሦስት የመድረክ ሞኒተሮች (ተጫዋቾቹ ራሳቸውን የሚሰሙባቸው ስፒከሮች)፣ ለአኮስቲክ ጊታርና ለቤዝ ደግሞ የመሣሪያውን ድምፅ በሽቦ ወደ ሚክሰሩ የሚያስገቡ ሁለት ሦስት ዲ አይ ሳጥኖች ይበቃሉ። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ መስመር ወደ ፊት፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ ከፍ ብለው ይቁሙ። ከማይኮቹ ኋላ ከሆኑ የራሳቸው ድምፅ ማይኩ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፤ ያ የሚሰቀጥጥ ፉጨት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞኒተሩ በማይኩ ጀርባ ትክክል፣ ፊቱን ወደ ዘፋኙ አድርጎ ይቀመጥ፤ እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያሉ ማይኮች በጀርባቸው በኩል ትንሽ ነው የሚሰሙት። ዘፋኞች የማይኩን ጭንቅላት በእጃቸው እንዳይሸፍኑ ይንገሯቸው፤ ሲሸፈን ይህ ባሕርይው ይጠፋና ይጮኻል። አኮስቲክ ጊታሩ ከጮኸ በድምፅ ቀዳዳው ላይ የሚገጠም የጎማ ክዳን አለ፤ ዋጋው ጥቂት ነው።

የመድረኩና የሚክሰሩ ኤሌክትሪክ ከአንድ መስመር ይምጣ፤ ከተለያየ መስመር ሲመጣና የመብራት ማደብዘዣ ሲኖር «እም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። ለዚህ መፍትሔው ዲ አይ ሳጥኑ ላይ ያለው የመሬት መስመር ማቋረጫ ማብሪያ ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ሦስተኛ እግር የሚሰብር ሰው ካዩ ያስቁሙት፤ ማይክ የያዘ ዘፋኝ በኤሌክትሪክ ሊሞት ይችላል። ፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበርና ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ከበሮ መቺው በብሩሽ ይጫወት፤ በትንሽ አዳራሽ ሌላው ሁሉ ድምፁን የሚጨምረው ከበሮውን ለመብለጥ ነው። የድምፅ ሙከራው ከበሮና ቤዝ፣ ቀጥሎ ጊታሮቹ፣ ፊድሉና ስቲሉ፣ በመጨረሻ ዘፋኞቹ በሚል ተራ ይሂድና በሩ ከመከፈቱ 45 ደቂቃ በፊት ያብቃ።

ታዳሚዎ በአብዛኛው ከ60 በላይ ነው፤ ማታ መኪና መንዳት አይወድም። ስለዚህ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ፒ ኤም፣ ወይም ቅዳሜ በ6 ፒ ኤም። ረቡዕ ማታ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች የቤተ ክርስቲያን ማታ ነው፤ በመጸው ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ እግር ኳስ አለ። ከእነዚህ ጋር አይጋፉ። ቀኑ ግን አይለዋወጥ፤ «በየወሩ ሁለተኛው እሑድ» የሚለው ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ማስተዋወቁን ከ8 ሳምንት በፊት ይጀምሩ። በየሳምንቱ የሚታተመው የሰፈር ጋዜጣና የአካባቢ ሬዲዮ የማኅበረሰብ ዝግጅቶችን በነፃ የሚያወጡበት ዓምድ አላቸው፤ የማስረከቢያ ቀኑን ቀድመው ይጠይቁ። ለሬዲዮ ጮክ ብለው ሲያነቡት 30 ሰከንድ የሚፈጅ ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ ለማን፣ ስልክ። ፖስተሩ 11 በ17 ኢንች ይሁን፤ ቀኑና ቦታው ከሦስት እርምጃ ርቀት ካልተነበበ እንደገና ያሠሩት። ከአራት ሳምንት በፊት ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ የእርሻ ዕቃ መደብር፣ ጠዋት ሽማግሌዎች ቡና የሚጠጡበት ቁርስ ቤት፣ የአረጋውያን ማዕከል ይለጥፉ፤ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ ከትርኢቱ በኋላም ራስዎ አንሥተው። ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ አሥር አሥር ትኬት ይስጡ፤ የመጀመሪያውን ትርኢት የሚሞላው ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነው። በሩ ላይ የስምና የስልክ ካርድ ያስሞሉ፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ዋናው ማስታወቂያዎ ይህ ዝርዝር ይሆናል።

ሐበሻ መሆንዎን በተመለከተ አይሳቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1925 በናሽቪሉ ደብልዩ ኤስ ኤም ሬዲዮ የተጀመረው የካንትሪ ትርኢት፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ ከመጀመሪያዎቹ ከዋክብቱ አንዱ የባሪያዎች የልጅ ልጅ የነበረው ሃርሞኒካ ተጫዋች ዲፎርድ ቤይሊ ነው። ባንጆ የሚባለውም መሣሪያ ከአፍሪካ በባርነት ከመጡ ሰዎች የተወረሰ ነው። ይህ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም። በተግባር ግን መድረክ መሪ የሚሆን፣ ታዳሚው በስሙ የሚያውቀው ሰው ይፈልጉ፤ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ይቀበሉ። አበሾቹንም በቤተ ክርስቲያንና በምግብ ቤቶች ይጥሩ፤ የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊ ፓርተንን ዘፈን አገር ቤት ሳሉ የለመዱ ብዙ ናቸው። ገቢውን ለአገር ቤት መላክ ወደፊት ካሰቡ ግን ለብቻው በሌላ ቀን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሚሠራ ዕውቅና ባለው የአሜሪካ ድርጅት በኩል ይሁን። ለሰፈሩ ምግብ ተብሎ በተሰበሰበ ገንዘብ ላይ ሌላ ዓላማ አይደባለቅ።

ለባለቤትዎ ይህን ሒሳብ ያሳዩዋቸው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ በራስዎ ዋጋ ይተኳቸው። አዳራሽ 250፣ የድምፅ ባለሙያ ከነዕቃው 200፣ ኢንሹራንስ 150፣ ኅትመት 60፣ ቡናና ውሃ 50፣ የትኬት ጥቅል 15፤ ድምሩ 725 ዶላር። በ10 ዶላር ትኬት ወጪውን ለመሸፈን 73 ሰው ያስፈልጋል። 110 ሰው ቢመጣ ለምግብ ማደያው የሚተርፈው 375 ብቻ ነው። ጎማ ቤቱ አዳራሹን፣ ፋርማሲው የድምፁን ወጪ ቢችሉ ግን በዚያው ሰው ብዛት 825 ይሆናል። ስለዚህ ስፖንሰር ፍለጋው የትኬት ዋጋ ከመጨመር ይቀድማል፤ ከቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶችና ከመስሚያ መሣሪያ ሻጮች ጀምሮ ይጠይቁ፣ ታዳሚዎ ደንበኞቻቸው ነውና። ከጡረታዎ የሚያወጡትን ጣሪያ ከባለቤትዎ ጋር ተስማምተው ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ አዳራሹንም ለሦስት ወር ብቻ ይያዙ። በሦስተኛው ትርኢት ወጪው በስፖንሰርና በትኬት ካልተሸፈነ ወደ ዓመት ሁለት ጊዜ ዝቅ ያድርጉት እንጂ ከኪስዎ አይሙሉ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ስልክ ይደውሉ። መጀመሪያ ለምግብ ማደያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሁለት አዳራሾች። ለሙዚቀኞቹ የሚደውሉት የማደያው የጽሑፍ ፈቃድ ከደረሰዎት በኋላ ነው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ናሽቪል በረዶ ስለሚጥልባት የመጀመሪያውን ትርኢት ማርች ላይ ይያዙት።